ከድምፅሽ ላይ የጠረግነው

ይድረስ ለምትናፍቀኝ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ከርመሻል? አሁንም እንዴት ከርመሻል? አንገትሽ ላይ ያለው ቁስል ጠገገልሽ ወይስ ብርድ ሲነካው አሁንም ይቆጠቁጥሻል? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ስስ ጨርቅ የምትተነፍሺበት ቀዳዳ ላይ ሳታደርጊ መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ እንዳትቀመጪ፤ የጨርቅ ብናኝ ይገባብሻል። እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷስ? ዓይኗስ ያው ነው? ባለቤትሽስ ከመንገድ በሰላም ይገባል? ልጅሽ ሚጢጢስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የስፌት መኪናሽስ? እሱም ከቤተሰብ ስለሚቆጠር ጤናውን ጠይቄያለሁ። እኔን ካልሽ ደህና ነኝ። ጥርሴም ሆዴም ሰላም ነው፤ የሚያመኝ የናንተ ነገር ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ሐኪም አያየውም።

በስልክ ሁለት መስመር መላክ ሲቻል ይህን ሁሉ ወረቀት ምን አስፈጀው ትይ ይሆናል። ጥፋቱ ያንቺ ነው። በስልክ ስጽፍልሽ ‹እሺ› ብለሽ ትመልሺልኛለሽ። እሺ! አንቺ? ሰፈሩ በሙሉ ‹ሬዲዮ› ብሎ የሰየመሽ ሴት፣ ቁልፍ ልታስተክል የመጣችን ጎረቤት ድስቷ እስኪያር በወሬ የምታስቀሪ፣ እኔን በሁለት ፊደል ትሸኚኝ ጀመር። ደብዳቤ ግን ሳይነበብ ‹እሺ› አይባልም። ደግሞም የምነግርሽ ነገር ቁጭ ተብሎ የሚሰማ ነው። በይ መቀሱን አስቀምጪና ተቀመጪ።

ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ባለፈው ሰሞን ባለቤትሽ የጭነት መኪናውን ዳር አቁሞ ደወለልኝ። መቼም ሾፌር ሲያወራ አይቸኩልም፤ ስለ ጎማው፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ መንገዱ መበላሸት አውርቶ አውርቶ ጨረሰ። ከዚያ እማዬ መርሳት እንደጀመረች ነገረኝ። ድምፅሽን የወሰደውን ቀዶ ጥገና ትረሳዋለች አለ። ጠዋት ሚጢጢ ታስረዳታለች፤ ‹ውይ ልጄን! ውይ ልጄን!› ብላ ታለቅሳለች። ከሰዓት በኋላ ኮቴሽን ስትሰማ ደግሞ በስምሽ ትጣራለች። አንቺ ሄደሽ እጇን ትይዣለሽ። እሷ ግን ‹ምን አድርጌሽ ነው የምታኮርፊኝ? በእናት ላይ ዝም ይባላል?› ትልሻለች አለኝ። ጓሮ ሄደሽ እንደምታለቅሺ፣ ለኔም እንዳይነግረኝ እንዳስማልሽው ነገረኝ። በሞቴ አትቆጪው። ሰው ማልኩ ብሎ ሆዱ እስኪፈነዳ አይችልም።

እሷ ዓይኗ ደክሞ የጻፍሽውን አታነብ፤ አንቺ ድምፅሽ ጠፍቶ ስትጠራሽ አቤት አትዪ። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጣራ ሥር ሲገጥም ምን ይባላል? እኔ ስሰማው ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ሚጢጢም ያቅሟን ታደርጋለች እንጂ አስተርጓሚነቷን አውቀዋለሁ። አንቺ ሁለት ገጽ ስትጽፊ እሷ ‹ደህና ነኝ ትላለች› ብላ ትዘጋዋለች። ያንቺ ወሬ እንደዚያ ተጨምቆ ሲቀርብላት እማዬ እንዴት አድርጋ ‹ይሄ የልጄ ነው› ትበል?

አሁን ስለ ሥራዬ ላውራሽ፤ ነገሩ ከዚሁ ጋር ይገናኛል። እዚህ በሰው አገር የማስተምርበት ኮሌጅ የኢንጂነሪንግና የተግባራዊ ሳይንስ ክፍል ማለት አንድ ረጅም ኮሪደር ነው፤ በግራና በቀኝ በር፣ በየበሩ ውስጥ አንድ አንድ እብድ። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው። የመጀመሪያው በር ሲሚንቶ የሚያክም መምህር ነው። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ስንጥቁን ራሱ እንዲደፍን ሲሚንቶው ውስጥ ባክቴሪያ ያስገባል። ቀኑን ሙሉ ግንብ እየሰበረ ‹ይሄኛው ድኖልኛል› እያለ ሲደሰት ትሰሚዋለሽ። ከሱ ቀጥሎ ያለችው ቆሻሻ ውኃ ከፍሬ ቅርፊት በተሠራ ከሰል ታጣራለች፤ እኔው ካልጠጣሁት ማን ያምነኛል ብላ ሁልጊዜ ብርጭቆ ይዛ ነው የምትዞረው። እስካሁን በሕይወት አለች። ፊት ለፊቷ ያለውን ደግሞ ላስቲክ ብለን ነው የምንጠራው። እንደ ቆዳ የሚለጠጥ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ላስቲክ ይሠራል፤ ሚስቱ ራሷ ላስቲክ ትለዋለች። የኔ ጥናት ከሱ ጥናት ጋር ነው የተጋባው።

እኛ የምንደክመው አንቺን ለመሰለ ሰው ነው። ማንቁርቱ የወጣ ሰው ድምፁ ይጠፋል እንጂ ምላሱ፣ ከንፈሩ፣ መንጋጋው መናገር አይረሳም። አንቺም በንዴት ለብቻሽ ስታጉረመርሚ አፍሽ ይንቀሳቀሳል፤ የጎደለው ድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ ከላስቲክ ሥራ አንዲት ስስ ቁራጭ አገጭ ሥር ትለጠፋለች። ጡንቻው እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ታነብና ደረት ላይ ለምትንጠለጠል ትንሽ መሣሪያ ታቀብላለች፤ መሣሪያዋ ያንን ንግግር አድርጋ ታወጣዋለች። በማን ድምፅ? የኔ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። እስከዛሬ ያየኋቸው መሣሪያዎች ሰውን ሁሉ በአንድ ድምፅ ነው የሚያናግሩት፤ አያትም ሙሽራም አንድ ዓይነት። እኔ የማጠናው ሰውየው ድሮ ከተቀረጸው ላይ የገዛ ድምፁን መልሶ መሥራት ነው።

ያንቺ ቅጂ ደግሞ በሽበሽ ነው። በዓመታት ውስጥ የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት አንዱንም አላጠፋሁም። ‹አንተ ብሎን፣ ስማኝማ› ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ልጅ ሆኜ የቤቱን ዕቃ ሁሉ እየፈታሁ ብሎን ኪሴ ስለምከት ያወጣሽልኝን ስም እስከዛሬ አልተውሽውም። የመጨረሻው መልእክት የቀዶ ጥገናው ዋዜማ የላክሽው ነው። ‹ነገ ስለሚወስዱብኝ ዛሬ ልጥገብበት› አልሽ። ቁም ነገር ልትነግሪኝ ነው ብዬ ትንፋሼን ይዤ ስጠብቅ ስለ ዚፕ አወራሽ። ጎረቤት ጠበበኝ ብላ ስለመለሰችው ቀሚስ፣ እማዬ ክኒኗን ትራስ ሥር ስለምትደብቀው፣ ስለሚያፈሰው ጣራ አወራሽ። ደህና ሁን እንኳ አላልሽኝም፤ መሐል ላይ ሰው ጠራሽና ‹መጣሁ› ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ አልመጣሽም። ያንን ‹መጣሁ› ስንቴ እንደሰማሁት አትጠይቂኝ።

ናፍቆት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ላጫውትሽ። ከምኖርበት ፎቅ ሥር አንዲት ስፌት ቤት አለች። ከሥራ ስመለስ የመኪናው ድምፅ ሲሰማኝ እግሬ ራሱ ይቆማል። ሰፊው ሽማግሌ ናቸው፤ መጀመሪያ ቀን ‹ምን ልርዳህ?› ሲሉኝ አፍሬ ያደረግሁትን ሱሪ አሳጥሩልኝ አልኳቸው። ሌላ ቀን ሌላ ሱሪ ይዤ ሄድኩ። እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ መኪናው ሲሰፋ ስሰማ ቤት የገባሁ ይመስለኛል። አሁን ያላጠረ ሱሪ የለኝም፤ ቁርጭምጭሚቴን ብርድ እየገረፈው ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ፋሽን መስሏቸው ሁለቱ እንደኔ አሳጥረዋል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። መሣሪያው ድምፅሽን እንዲማር ንጹሕ ቅጂ ይፈልጋል። ያንቺ ደግሞ መቼ ንጹሕ ሆኖ ያውቃል! የስፌት መኪናው ይንጫጫል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እማዬ ከጓዳ ‹ካፖርቱን ይልበስ በይው› ትላለች። ስለዚህ ያንቺ ንግግር ያልሆነውን ሁሉ እየለቀመ ወደ ጎን የሚጥል ፕሮግራም ጻፍኩ። ጠጠር ከምስር ውስጥ እንደ መልቀም በይው። በጣም የተዋጣለት ሆነ። አለቃዬ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሙገሳ የሚቆጥቡ ሴት ፕሮፌሰር ናቸው፤ ቋንቋችንን ባይችሉም ድምፅ ይለያሉ። ‹ከሠራናቸው ሁሉ ይሄ ይበልጣል› ብለው በሰው ፊት አመሰገኑኝ።

እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ‹እንደምን አደራችሁ› አስባልኩት፤ አለ። ‹ጨርቁን አምጪው› አስባልኩት፤ አለ። ድምፁ ያንቺ ነው፤ ቅጥነቱም፣ ስትቆጪ የምትጨምሪው ጉልበትም አለበት። ሴትዮዋ ግን አንቺ አይደለሽም። ዜና የምታነብ መንታሽ መሰለችኝ፤ እንዲያ ያለች መንታ ቢኖርሽ ደግሞ አንድ ቀን አትስማሙም ነበር። ተናደድኩ። ጥፋቱ ከላስቲክህ ነው ብዬ ላስቲክ ላይ ጮህኩበት፤ ምስኪን፣ የሱ ቁራጭ ገና ከመሣሪያው ጋር እንኳ አልተገናኘችም ነበር። ይህንን ለእማዬ ይዤ ብሄድ ‹ይቺ ደግሞ ማን ናት?› ብላ የምትጠይቅ መሰለኝና እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቀን ከክፍለ ጊዜ በኋላ ሥራው ታከተኝና ፕሮግራሙ ለቅሞ የጣለውን ከፍቼ አዳመጥኩ። ቆሻሻ ያልነውን ማለቴ ነው። እታለም፣ ቤታችንን አገኘሁት እኮ! ካንቺ ንግግር በቀር ቤቱ እንዳለ እዚያ ነው። መኪናው ይሰፋል፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ የብረት በሩ ሲከፈት ይጮኻል፤ እማዬ ‹ማነው?› ትላለች፤ ሚጢጢ ገና ሕፃን ሆና ታለቅሳለች። ማዳመጫዬን አድርጌ ወንበሬ ላይ ኩርምት ብዬ አለቀስኩ። ተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት እያረመ ነው ብለው ዝም ብለውኝ አለፉ።

ስሰማ ስሰማ አንዲት አጭር ትንፋሽ ትመላለሳለች። ወደ ውስጥ ሳብ የምትደረግ። እማዬ ‹ካፖርቱን ይልበስ በይው› ትላለች፣ ያቺ ትንፋሽ ትከተላለች። ‹ምሳ ቀርቧል› ትላለች፣ አሁንም ያቺው ትንፋሽ። ለካ አንቺ ነሽ! አዎ ስትይ ነው! እኛ መቼ አፋችንን ሞልተን ‹አዎ› እንላለን? ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን አይደል የምንስማማው! ፕሮግራሙ ትንፋሽ ንግግር መሆኑን ከየት ይወቀው? አዎሽን በሙሉ ለቃቅሞ ከዝናቡ ጋር ደፍቶታል። ሳቅሽም፣ ሰው ስታሚ ከንፈር መምጠጥሽም እዚያው ተጥሏል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሌላ ሰው ቢሆን ባልተፈረደበት። አለቃዬ እኔ እንደመጣሁ ሰሞን ሲያናግሩኝ በየመሐሉ ትንፋሼን ስስብ ቢያዩ አስም ያለብኝ መስሏቸው መስኮት ከፍተው ወንበር አቅርበውልኛል። እሳቸው ቢሳሳቱ ያምርባቸዋል። እኔ ግን አፌን ከፈታሁ ጀምሮ እንደዚያ አዎ ስል የኖርኩ ሰው፣ የገዛ እህቴን አዎ ጉድፍ ነው ብዬ ጠረግሁት። መማር ደጉ!

ከዚያ በኋላ የጣልነውን አንድ በአንድ መልሰን አስገባን። አሁን የምትተነፍሺው በአንገትሽ ቀዳዳ ስለሆነ በአፍሽ እንደ ድሮው መሳብ አትችይም፤ ስለዚህ አገጭሽን ቀና ስታደርጊ መሣሪያዋ ያቺን ትንፋሽ ራሷ እንድታወጣት አደረግናት። ሳቅሽንም መለስናት፤ አሁን እንደ ልማድሽ ቀልዱ ሳያልቅ ትስቃለች። ላስቲክ አንዲት ቃል ሳይገባው አብሯት ሳቀ።

ያን ዕለት ሁሉም ወጥተው ብቻዬን ስቀር አንድ ሞኝነት ሠራሁ። ‹እታለም፣ ቤት ልምጣ?› ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅሁና ቁልፉን ተጫንኩት። ያቺ ትንፋሽ ወጣች። አዎ! ዘልዬ ተነሣሁ፤ በር ጋ ደርሻለሁ እልሻለሁ። ከዚያ ቆምኩ። እኔው ጠይቄ እኔው መለስኩ እኮ። ያ አዎ ያንቺ አልነበረም። በድምፅሽ የፈለግሁትን ማስባል እንደምችል ያኔ ገባኝና ፈራሁ። ቆለፍኩት። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አላስባልኩትም። ስትናፍቂኝ እጄን ይበላኛል፤ ግን አልነካውም። ድምፁ ያንቺ ነው፣ የምትናገሪበትም አንቺ ብቻ ነሽ።

ስለዚህ የቀረው ፈቃድሽ ነው። አለቃዬ መሣሪያው ከኮሌጁ የሚወጣው ከሠራው ሰው ጋር ብቻ ነው አሉ፤ ቀጥለውም ‹ትምህርት ሲዘጋ ይዘህላት ሂድ› አሉኝ። ስንት ዓመት ስጠብቃት የኖርኩትን ‹ሂድ› የምትል ቃል እንደ ዋዛ ነው ያሏት። ግን የድምፁ ባለቤት ፈቅጄአለሁ ካላለች አይሆንም፤ ደንብ ነው። ደንብ ባይሆንም እኔ አላደርገውም።

ባለፈው ስለ መሣሪያው ነካ ሳደርግሽ ‹ተወው፣ ለምጄዋለሁ› ብለሽ ጻፍሽልኝ። መልመድ? አንቺ? ጫማ ሲጠብብሽ አንድ ቀን የማትችይ ሰው! እማዬ ከሣጥን በሚወጣ ድምፅ ትደነግጥብኛለች ብለሻል። የኔን ድምፅ ስንት ዘመን ከስልክ ነው የምትሰማው፤ አንድ ቀን ‹ስልኩ አናገረኝ› ብላ ታውቃለች? ‹ልጄ አናገረኝ› ነው የምትለው። ሰው ይስቅብኛል ያልሽው ደግሞ፣ ይሳቅ። ለሬዲዮዋ ባትሪ ገባላት ይበሉ። አንቺም መልስ አታጪላቸውም።

አልዋሽሽም፤ ጉድለት አለው። ቃሉ ከአፍሽ ትንሽ ዘግየት ይላል። አንዳንዴ ይሳሳታል። መጮህ አይችልም። መዝፈንም አይችልም፤ ለዚህኛው እንኳ ጎረቤት ያመሰግነናል። የእማዬንም መርሳት አያድነውም። ዛሬ አናግረሻት ነገ ልትረሳው ትችላለች። ቢሆንም ስትጠራሽ አቤት የሚላት አንቺ ትሆኛለሽ፤ ስትረሳም የምትነግሪያት አንቺው። እምቢ ካልሽ አላስገድድሽም፤ መሣሪያውን እዚሁ ትቼ ባዶ እጄን እመጣለሁ፣ እኔም እንዳንቺ እጇን ይዤ እቀመጣለሁ። ግን እባክሽ፣ በኔ ሞት፣ ‹እሺ› ብለሽ በሁለት ፊደል እንዳትገላግዪኝ። ቁርጡን ጻፊልኝ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ምስጢር ስላወጣም አንዴ ብቻ ገላምጠሽ ተይው። የምትስማሚ ከሆነ የመጣሁ ዕለት አንቺን ይዞ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ይምጣ። ቤት ከመግባታችን በፊት የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ሆነን መሣሪያዋን እናለማምዳታለን፤ ግማሽ ቀን ቢፈጅብን ነው። ለሚጢጢ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ከአስተርጓሚነት ጡረታ ልትወጣ እንደምትችል ንገሪያትና ደስ ይበላት። ከፊት ለፊት ላለችው ጎረቤት፣ ቀሚሱ ለጠበባት፣ በድምፅሽ ቅጂ ውስጥ እሷም ትኖራለች በይልኝ።

ለእማዬ ግን በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ አልልክም። ሚጢጢ ይህችን መስመር እንዳታነብላት። አዎ ካልሽኝ፣ ያን ቀን ቤት ስንደርስ አንቺ ቀድመሽ ትገቢያለሽ። ምን እንደምትያት እኔ አልመርጥልሽም። ‹እማዬ› ብዬ ፊት ለፊት ልጠራት ስንት ዓመት የነደድኩ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም በሩ ላይ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ ቃል አልተነፍስም። የኔ ይቆየኛል። መጀመሪያ ያንቺን ትስማ።

ናፋቂሽ ወንድምሽ
ብሎን

ከኮሪደሩ መጨረሻ ካለችው ክፍል
ግንቦት 11 ቀን